ታካሚው ንግግሩን እስኪጨርስ

አንድ ታካሚ ወደ ሐኪም ገብቶ «ምን አጋጥሞዎት ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ ሳይቋረጥ ምን ያህል ጊዜ ይናገራል? ጥያቄው በሰዓት የሚለካ ነውና የተለካበትን እንመልከት።

ቤክማንና ፍራንክል የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1984 በአሜሪካ ባሳተሙት ጥናት 74 የምርመራ ቆይታዎችን መርምረዋል። የመጣበትን ጉዳይ ተናግሮ ለመጨረስ ዕድል ያገኘው ታካሚ በ17ቱ ብቻ ነበር። በ51ዱ ሐኪሙ በአማካይ ከ18 ሰከንድ በኋላ ንግግሩን አቋርጧል፤ ከእነዚህም ውስጥ የጀመረውን እንዲጨርስ የተደረገው አንድ ታካሚ ብቻ ነው። እኛን ያሳሰበን ይኸኛው ቁጥር ነው። መጀመሪያ የሚነገረው ሕመም ሁልጊዜ ዋናው አይደለምና፤ ራስ ምታቱን አስቀድሞ፣ የሚያስፈራውን የደረት ውጋት ለመጨረሻ የሚያቆይ ሰው አለ።

ሐኪሞች በበኩላቸው ጊዜ እንደማይበቃቸው ይናገራሉ። ወረፋው እስከ በር በሚደርስባቸው የአገራችን ሆስፒታሎች ይህ ስጋት ቀላል አይደለም። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2002 በስዊዘርላንድ፣ ባዝል ከተማ፣ ሐኪሞች ሳያቋርጡ እንዲያዳምጡ ሠልጥነው የ335 ታካሚዎች ንግግር በሥውር በሰዓት ተለካ። አማካዩ 92 ሰከንድ ሆነ፤ ከመቶ 78ቱ በ2 ደቂቃ ውስጥ ጨረሱ። ከ5 ደቂቃ በላይ የተናገሩት 7 ብቻ ሲሆኑ፣ ሐኪሞቻቸው የእነዚህም ንግግር ጠቃሚ እንደነበረ መስክረዋል።

መቀመጥም እንደ ማዳመጥ ነው። በካንሳስ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ ጥናት፣ የአከርካሪ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሕሙማን ሐኪሙ አጠገባቸው ሲቀመጥ ረዘም ላለ ጊዜ የቆየ መስሏቸዋል። ሰዓቱ ግን ጉልህ ልዩነት አላሳየም።