ስለ ኮምፓይለርና ስለ ቦታ ድልድል ምርመራ

በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ በድሬዳዋ ከተማ ከ200 በላይ ሰዎችን ገደለ፤ ብዙ ቤትም አፈረሰ። እንዲህ ካለ መከራ ሕዝብን አስቀድሞ ለማስጠንቀቅ የዝናምን ነገር በሂሳብ መመርመር ያስፈልጋል። ይህን ሂሳብ ከሚሠሩት ፕሮግራሞች ብዙዎቹ የተጻፉት በፎርትራን ቋንቋ ነው። ፎርትራን በጆን ባከስ መሪነት በአይ ቢ ኤም ኩባንያ ተዘጋጅቶ በአውሮጳ አቆጣጠር በ1957 ዓ.ም. ወጣ። በብዙ አገር የሚሠራበት ደብልዩ አር ኤፍ የሚባለው የአየር ጠባይ ፕሮግራም ዛሬም በአብዛኛው በዚሁ ቋንቋ የተጻፈ ነው።

ኮምፓይለር ማለት ሰው የጻፈውን ፕሮግራም ማሽኑ ወደሚሠራበት ቋንቋ የሚመልስ ሌላ ፕሮግራም ነው። ሥራው ማስተርጐም ብቻ አይደለም፤ የቋንቋውን ሕግ የተላለፈ ቃል ሲያገኝም ሥራው ሳይጀመር ለጸሐፊው ያስታውቃል። ፎርትራን 90 ከተባለው እትም ጀምሮ በቋንቋው ውስጥ «አሎኬት» የሚባል ትእዛዝ አለ። ይህም ለቁጥሮች ማስቀመጫ የሚሆን ቦታ ከኮምፒዩተሩ ማኅደረ ትውስታ የሚያስመድብ ነው። «አሎኬተብል» ተብሎ ለተሰየመ ነገር ቦታ ከተመደበለት በኋላ፣ የፊተኛው ሳይለቀቅ እንደ ገና ቢጠየቅለት ስሕተት ይሆናል። ጸሐፊውም የስሕተቱን ምልክት መቀበያ ካላዘጋጀ ፕሮግራሙ ሥራውን ሳይፈጽም ይቆማል።

ስለዚህ ኮምፓይለሩ በአንድ ትእዛዝ ውስጥ አንዱ ነገር ሁለት ጊዜ እንዳይጠራ ይመረምራል። ስሙ አንድ ቃል ሲሆን ምርመራው ቀላል ነው። የሚያስቸግረው ግን ስሙ ተቀጣጥሎ ሲጻፍ ነው። ለምሳሌ «ድሬዳዋ%ዝናም» እና «ድሬዳዋ%ነፋስ» ቢባል፣ የፊተኛው ቃል አንድ ይሁን እንጂ ነገሩ ሁለት ነው። መርማሪው የፊተኛውን ቃል ብቻ አይቶ ቢፈርድ ትክክለኛውን ትእዛዝ ይከለክላል። ይህን ፈርቶ የተቀጣጠለውን ስም ሁሉ ሳይመረምር ቢያሳልፍ ደግሞ «ድሬዳዋ%ዝናም» ሁለት ጊዜ ቢጻፍ እንኳ ዝም ይላል። የፊተኛው ንጹሑን ይከሳል፤ ሁለተኛው ጥፋተኛውን ይለቃል።

የዚህ ስሕተት መድኃኒቱ ሁለቱን ስሞች ክፍል በክፍል እስከ መጨረሻው ማስተያየት ነው። ጂፎርትራን በሚባለው ኮምፓይለር ውስጥ ይህ ምርመራ በሦስት ፍርድ ይፈጸማል።

1ኛ/ ስሞቹ በመንገድ ላይ ከተለያዩ ጥፋት የለም። ሁለት ሰዎች የሚኖሩበት ሰፈር ከዚራ ስለ ሆነ ብቻ ቤታቸው አንድ ነው እንደማይባል ማለት ነው።

2ኛ/ ሁለቱም ሳይለያዩ አብረው ካለቁ አንዱ ነገር ሁለት ጊዜ ተጠርቷልና ስሕተት ነው።

3ኛ/ አንዱ ቀድሞ ካለቀ ይህም ስሕተት ነው። አንዱ ቤቱን፣ ሁለተኛው በዚያው ቤት ውስጥ ያለውን ክፍል በአንድ ጊዜ እንደ መጠየቅ ነውና፤ ቤቱ ሳይቆም ክፍሉ አይገኝም።

ስሙ ቁጥር ያለበት እንደ ሆነ ቁጥሩም ይታያል። «ጣቢያ(3)%ዝናም» እና «ጣቢያ(4)%ዝናም» ልዩ ልዩ ናቸው። በቁጥሩ ፈንታ ዋጋው በሥራ ጊዜ ብቻ የሚታወቅ ፊደል ቢጻፍ ግን ኮምፓይለሩ ያላወቀውን በግምት ሊፈርድ አይገባውም፤ ነገሩን ለሥራው ጊዜ ምርመራ ይተወዋል።

እርማቱ ከተጻፈ በኋላ ቢያንስ በሁለት ፈተና ይረጋገጣል። አንዱ ሊታለፍ የሚገባው ትክክለኛ ትእዛዝ ነው፤ ሁለተኛው ሊከለከል የሚገባው ስሕተተኛ ትእዛዝ ነው። በአንዱ ብቻ የፈተነ ሰው ስሕተቱን ከአንድ ወገን ወደ ሌላው ወገን አዛውሮት እንደ ሆነ አያውቅም። ፈተናዎቹም ወደፊት ሌላ ሰው ኮምፓይለሩን ሲያሻሽል የቀድሞው ስሕተት እንዳይመለስ ተጠብቀው ይኖራሉ።

መምህሩ ከዚህ ትምህርት በኋላ ተማሪዎቹን እንዲህ ብሎ ይጠይቅ፤

1. «ድሬዳዋ» እና «ድሬዳዋ%ዝናም» በአንድ የአሎኬት ትእዛዝ ቢጻፉ ፍርዱ ምንድር ነው?

2. ትክክለኛውን ትእዛዝ የሚከለክል መርማሪ ስለ ምን ይጐዳል?

3. አንድ እርማት በሁለት ወገን የሚፈተነው ስለ ምንድር ነው?