ለሚወለደው ሕፃን ቤታችንን እናሰናዳ

በብዙ የደጋ መንደር ቤት ማለት አንድ ክፍል ነው። በዚያው ክፍል ይጋገራል፣ ይበላል፣ ይተኛል። ብርዱ ሲጠና ጥጃውና ግልገሉም ከሰው ጋር ያድራሉ። በዚህ ቤት የተወለደ ሕፃን ከእናቱ ጋር፣ ብዙ ጊዜም ከምድጃው አጠገብ ይተኛል። ምክንያቱ የታወቀ ነው። እሳት ይሞቃል፤ ሕፃን ደግሞ ብርድ አይችልም።

በከተማ ገንዘብ ያለው ሰው ለሚወለደው ልጁ የተለየ ክፍል ያዘጋጃል። ግድግዳውን ቀለም ያስቀባል፣ ባለ ፍርግርግ አልጋ ይገዛል፣ መጋረጃ ይሰቅላል። ይህን የሰማ ገበሬ «እኛማ ከየት አምጥተን!» ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን ሕፃኑ ራሱ የሚፈልገው ምንድን ነው ብለን እንጠይቅ። ሕፃን የዕቃ ዋጋ አያውቅም። የሚያስፈልገው ደረቅ መኝታ፣ ጭስ የሌለበት አየር፣ የቀን ብርሃንና ከአደጋ የራቀ ቦታ ነው። ይህን ሁሉ ከጭቃ፣ ከእንጨት፣ ከሣርና ከጉልበት ማግኘት ይቻላል። ከገበያ የሚገዛው ጥቂት ነው።

አንዳንድ እናቶችና አባቶች «ሳይወለድ ማሰናዳት ሟርት ነው» ይላሉ። ይህን አነጋገር በንቀት ልናልፈው አይገባም። ብዙ ሕፃን ሲቀበር ካየ ሰው የመጣ ፍርሃት ነው። ስለዚህ ልብስና ጌጥ መግዛቱ ለኋላ ይቆይ ቢባል ጉዳት የለውም። ግድግዳ መምረግና መስኮት ማውጣት ግን ለቤተሰቡ ሁሉ የሚጠቅም ሥራ ነው። አራስ በተኛችበት ቤት ጭቃ ማቡካት ደግሞ አይሆንም። ስለዚህ ሁለት ሦስት ወር ቀደም ብሎ፣ ቢቻል በበጋ፣ ሥራው ይለቅ። ከባዱን ሥራ ባልየው ይያዘው። ነፍሰ ጡር ሴት ውሃ ቀድታ፣ ጭቃ ረግጣ፣ ግድግዳ ስትመርግ ባሏ ከጥላ ሥር ቢቀመጥ ነውር ነው።

ጭሱን ከሕፃኑ እናርቅ

ከሁሉ አስቀድሞ ስለ ጭስ እንነጋገር። በጭስ ውስጥ ዓይን የማይለየው ደቃቅ ብናኝ አለ። አዋቂ ሰው ጭስ ሲበዛበት ያስለዋል፣ ዓይኑን ያሻል፣ ብድግ ብሎ ወደ ደጅ ይወጣል። ሕፃን ተነሥቶ መውጣት አይችልም። ሳንባው ገና ለጋ ነው፤ ትንፋሹም ከአዋቂ ትንፋሽ ይፈጥናል። ስለዚህ ጭሱን ቶሎ ቶሎ ይስበዋል። ጭስ በሞላበት ቤት የሚያድግ ሕፃን በሳንባ ምች የመያዙ ዕድል እጥፍ ሊደርስ እንደሚቀርብ የዓለም ጤና ድርጅት ያስረዳል።

የሳንባ ምች ስንል «ምች መታኝ» የሚባለውን ማለታችን አይደለም። ይህ ሳንባ ውስጥ የሚገባ በሽታ ነው። ሕፃኑ ያስለዋል፤ ትንፋሹ ይፈጥናል፤ ሲተነፍስ ከጎድን አጥንቱ በታች ያለው ሥጋ ወደ ውስጥ ስርጉድ ይላል። ጡት መጥባትም ያቅተዋል። እንዲህ የሆነ ሕፃን ነገ ሳይባል በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። በዓለም ላይ ትናንሽ ልጆችን ከሚገድሉት በሽታዎች ዋነኛው አንዱ ይህ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? የሚሻለው ምድጃውን ከመኝታ ቤት ማውጣት ነው። ከጓሮ በኩል ከቤቱ ጋር ተጠግቶ አራት ቋሚ ተክሎ፣ በማገር አያይዞ፣ ሣር ከድኖ ማድ ቤት መሥራት ይቻላል። የሁለት ሰው የጥቂት ቀን ሥራ ነው። ጎረቤት በደቦ ቢረዳ ደግሞ በአንድ ቀን ሊያልቅ ይችላል። ይህ ካልተቻለ ምድጃው ከሕፃኑ መኝታ በተቃራኒው ግድግዳ ይሁን። ከምድጃው በላይ፣ ግድግዳውና ጣራው በሚገናኙበት ላይ፣ ጭስ የሚወጣበት ቀዳዳ ይተው። እርጥብ እንጨትና ኩበት ከደረቅ እንጨት ይልቅ ይጨሳሉ። ስለዚህ ለአራስ ቤት የሚሆነው እንጨት አስቀድሞ ተፈልጦ ይድረቅ። ኩራዝም ጥቀርሻው ለሳንባ ክፉ ነው፤ ሲወድቅም ያቃጥላል። ከሕፃኑ ራስጌ አይኑር።

«እሳቱ ከራቀ ሕፃኑ አይበርደውም ወይ?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ጥሩ ጥያቄ ነው። የሕፃን ዋናው ማሞቂያ የእናቱ ገላ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1978 በደቡብ አሜሪካ ኮሎምቢያ፣ በቦጎታ ከተማ፣ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት የሚሞቁበት መሣሪያ አልበቃ አለ። ሐኪሞቹም ሕፃናቱን ራቁታቸውን በእናቶቻቸው ደረት ላይ አድርገው ከላይ በልብስ መሸፈን ጀመሩ። ሕፃናቱ ሞቁ፣ ጠቡ፣ ከበዱም። ዛሬ ይህ ዘዴ በብዙ አገር፣ በኢትዮጵያም ጭምር፣ ይሠራበታል። ጋቢና የእናት ደረት በሁላችንም ቤት አሉ። እናት ስትደክም አባትም ደረቱን ቢሰጥ ያው ነው። ለሕፃኑ ራስ ቆብ ማድረግም ይረዳል።

ማዕዘኑን መምረጥና መምረግ

አንዱን ማዕዘን ለሕፃኑና ለእናቱ እንምረጥ። ዝናብ ሲዘንብ ቤት ገብተን ጣራው የት እንደሚያፈስ ልብ እንበል። ሕፃኑ ከዚያ ሥር አይተኛም። ከቆጥ ሥርም አይሆንም። ቅል ወይም መዝሪያ ከቆጥ ቢወድቅ አዋቂን ራሱን ይፈነክታል። በር በተከፈተ ቁጥር ነፋስ የሚመታውን ቦታም እንተው።

ከብቱ ከቤት ቢወጣ መልካም ነበር። ሌባና ጅብ ባለበት አገር ግን ይህን በቃል ማዘዝ ቀላል፣ ማድረጉ ከባድ ነው። ቢያንስ ጋጡና መኝታው በግርዶሽ ይለዩ። ግርዶሹ ከጭራሮ ተማግሮ በጭቃ ይመረግ፤ ሽንቱም ወደ ውጭ የሚፈስበት ቦይ ይበጅለት። ቁንጫው ይቀንሳል፤ ሽታውም ይቀላል።

ለምርጊቱ አፈሩን ከጭድ ጋር ለጥቂት ቀናት ማቡካት ነው፤ ይህን ለገበሬ ማስተማር አይገባንም። አንድ ነገር ብቻ እናክል። ስንጥቅ አይተው። ትኋን ቀን የሚደበቀው በስንጥቅ ነው። መጀመሪያ ስንጥቁ ይሞላ፤ ሲደርቅ ሁለተኛ ይመረግ። ከዚያ ነጭ አፈር ባለበት አገር በነጭ አፈር፣ ከሌለም በኖራ ይቀባ። ነጭ ግድግዳ ለውበት ብቻ አይደለም። በትንሽ መስኮት የገባውን ብርሃን ወደ ቤቱ ይመልሳል። ትኋን ቢወጣበትም ወዲያው ይታያል። ኖራ ዓይንና ቆዳ ስለሚያቃጥል ሲበጠበጥና ሲቀባ ልጆች ይራቁ።

መኝታው ከወለሉ ሁለት ስንዝር ያህል ከፍ ያለ መደብ ቢሆን እርጥበት አይደርስበትም። ወለሉን በእበት መለቅለቅ የቆየ ልማድ ነው፤ አቧራም ያጠፋል። ነገር ግን በአፈርና በእበት ውስጥ መንጋጋ ቆልፍ የሚያመጣው ተሐዋስ ይኖራል። ይህ በሽታ በሕፃኑ እትብት ቁስል በኩል ይገባል። ስለዚህ እበት የነካ እጅ በሳሙና ሳይታጠብ ሕፃን አይንካ። በእትብቱ ላይም እበት፣ አፈር ወይም ቅቤ አይደረግ።

መስኮቱ

ገንዘብ የሚወጣበት ነገር አንድ ብቻ ቢሆን እኛ የምንመርጠው መስኮትን ነው። ቁመቱም ወርዱም ሁለት ሁለት ስንዝር ቢሆን ይበቃል። አንድ ሳንቃ፣ ሁለት ማጠፊያና ጥቂት ምስማር ያስፈልገዋል። ቀን ይከፈታል፤ ሲመሽ ይዘጋል።

ብዙ አራሶች ዓይነ ጥላና ምች ይፈሩና ከጨለማ ውስጥ ሳምንታት ይቆያሉ። እናቲቱን ከሰው ዓይን መጋረድ የሚፈልግ ቤተሰብ መጋረጃውን በመኝታውና በበሩ መካከል ይስቀል፤ መስኮቱን ግን አይድፈን። የሰው ቆዳ ፀሐይ ሲነካው አጥንትን የሚያጠነክር ንጥረ ነገር ይሠራል። ፀሐይ ያላገኘ ሕፃን አጥንቱ ይለሰልሳል፤ ቆሞ ሲሄድ እግሩ ይንጋደዳል። ሐኪሞች ሪኬትስ ይሉታል። አሥራ ሦስት ወር ፀሐይ በሚወጣበት አገር ልጅ ፀሐይ አጥቶ እግሩ ሲጎብጥ ማየት ያስቆጫል። ሕፃኑ ጠዋት፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ፣ ጥቂት ደቂቃ እጁንና እግሩን ገልጦ ይሙቅ።

መኝታው

እዚህ ላይ ድሃ ቤት ከሀብታም ቤት አይተናነስም። ለሕፃን የሚበጀው ለስላሳ ፍራሽ ሳይሆን ጠንካራና ዝርግ መኝታ ነው። በንጹሕ ሰሌን ወይም በደንብ በተራገፈ ቁርበት ላይ ጋቢ ታጥፎ ጥብቅ ተደርጎ ይነጠፍ። ትራስ አያስፈልግም። ጠጉራም አጎዛም ከፊቱ ሥር አይሁን፤ ትንፋሽ ያፍናል። ሕፃኑ ሁልጊዜ በጀርባው ይተኛ። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ በብዙ አገር ወላጆች ሕፃናትን በጀርባ እንዲያስተኙ ሲመከሩ ተኝተው ሳሉ ድንገት የሚሞቱ ሕፃናት ቁጥር በጣም ቀንሷል። ለዓይነ ጥላ ተብሎ ፊትን በነጠላ መሸፈንም አደጋ አለው። ነጠላው ከደረቱ በላይ አይለፍ።

ሕፃኑ ከእናቱ አጠገብ ይሁን፤ ግን የራሱ ቦታ ይኑረው። ሰፌድ መስፋት የምታውቅ እናት ሰፊና ጠፍጣፋ ቅርጫት ብትሰፋለት አልጋ ማለት ይኸው ነው። ከፍ ካለ ነገር ላይ ግን አይቀመጥ። ጠላና አረቄ የጠጣ አባትም ለዚያች ሌሊት ከሌላ መደብ ላይ ይተኛ። የሰከረ ሰው ሲገላበጥ ማንን እንደተጫነ አያውቅም።

ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር በታች በሆነ አገር ወባ ስላለ አጎበር ያስፈልጋል። አጎበር ለእህል መቋጠሪያ አይደለም፤ ጫፉ ከመኝታው ሥር ይጠቅጠቅ።

ለሽንት ጨርቅ ያረጀ ነጠላ ከአዲስ ይሻላል፤ ይለሰልሳል፣ ቶሎም ይደርቃል። ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይሰጣ። ሳሙና ሲጠፋ እናቶቻችን በእንዶድ ያጥቡ ነበር። ዶክተር አክሊሉ ለማ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1964 አድዋ አጠገብ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዳር የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው፣ እንዶድ የቢልሐርዝያን አስተላላፊ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል የደረሱበት በዚህ መንገድ ነው። ስለዚህ በእንዶድ የታጠበ የሕፃን ጨርቅ በንጹሕ ውሃ ደጋግሞ ይለቅለቅ፤ ፍሬውም ልጅ ከማይደርስበት ይቀመጥ።

ጌጡ

አዲስ የተወለደ ሕፃን አጥርቶ የሚያየው ከአንድ ስንዝር እምብዛም የማይርቀውን ነው። ይኸውም ጡት ሲጠባ ከእናቱ ፊት ያለው ርቀት ያህል ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከጌጥ ሁሉ የሚበልጥበት የእናቱ ፊት ነው። ከዚያ በኋላ ጥቁርና ነጭ አጠገብ ለአጠገብ ያለበትን ነገር ማየት ይወዳል። ከጥቁርና ከነጭ በግ ሱፍ ተፈትሎ የተገመደ ኳስ፣ የአውራ ዶሮ ላባ፣ የአለላ ቁራጭ ከመኝታው በላይ ቢንጠለጠል ነፋስ ሲያወዛውዘው ያየዋል። አንዲት እናት ያረጀ ሞሰብ ፈትታ ቀይና አረንጓዴውን አለላ እንደ ኮከብ ሰፍታ ሰቅላለት አይተናል። ከገበያ የመጣ ነው ብንባል እናምን ነበር። የሚንጠለጠለው ነገር በደንብ ይታሰር። ልጁ እጁን ዘርግቶ መያዝ ሲጀምር ይወርዳል። በትንሽ ቅል ጠጠር ጨምሮ አፉን አጥብቆ በመድፈን መጫወቻ ይሠራለታል፤ ቅሉ ቢሰነጠቅ ይጣል፤ ጠጠሩ ያንቃልና። ክታብ የምታስሩ ወላጆችም ልጁ ሲተኛ ረዥሙን ክር ከአንገቱ አውጥታችሁ ከግድግዳው ላይ ስቀሉት።

ከራስጌ የምትለጠፍ ወረቀት

አሁን መጻፍ ችለናል። ብዙዎቻችን ግን የተወለድንበትን ቀን አናውቅም። «ጣሊያን በገባ ጊዜ»፣ «በሰባ ሰባቱ ድርቅ» ብቻ ተብሎ ነው የተነገረን። ለልጃችን ይህ እንዳይሆን በነጩ ግድግዳ ላይ ከራስጌው አንድ ወረቀት እንለጥፍ። እንዲህ ተብሎ ይጻፍ፦

ስም ............ የእናት ስም ............ የአባት ስም ............
የተወለደበት ቀን ........ ወር ........ ዓመተ ምሕረት ........
ክትባት፦ እንደተወለደ ........ በ6 ሳምንት ........ በ10 ሳምንት ........ በ14 ሳምንት ........ በ9 ወር ........ በ15 ወር ........

ባዶ ቦታው በተከተበ ቁጥር ቀኑ እየተጻፈ ይሞላል። ሳምንቱን ከተወለደበት ቀን ጀምረን እንቁጠር፤ ለስድስት ሳምንት 42 ቀን ማለት ነው። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ልደት በየቀበሌው ይመዘገባል፤ ልጁ በተወለደ በ90 ቀን ውስጥ ሄዶ ማስመዝገብ ነው። ቀኑን ሲጠይቁን ከወረቀቱ ላይ አንብበን እንነግራቸዋለን። ወረቀቱን ሁለት አድርገን እንጻፈው፤ አንዱ ከግድግዳው፣ ሌላው ከሙዳዩ ይቀመጥ። አይጥ ወረቀት ይበላል።