ዝናብና ፀረ አረም፤ የሐይቅን ውኃ መቼና እንዴት እንመርምር?



በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ካሠለጠናቸው የጤና መኰንኖችና ነርሶች ጀምሮ፣ በአገራችን ስለ ጤና የሚያስተምር ሁሉ ለሕዝቡ ደጋግሞ የተናገረው አንድ ቃል አለ፤ ይኸውም «ውኃ አፍልታችሁ ጠጡ» የሚል ነው። ቃሉ ዛሬም እውነት ነው። ማፍላት የኮሌራን፣ የታይፎይድንና የተቅማጥን ተሐዋስያን ይገድላል። ነገር ግን በዘመናችን እሳት የማያጠፋው ሌላ እንግዳ ከውኃችን ገብቷል። እርሱም ከእርሻ ታጥቦ የሚወርደው የአረም መድኃኒት ነው። በዚህ ወር ትምህርታችን ይህ እንግዳ መቼና በየት በኩል እንደሚመጣ፣ በምንስ ዘዴ እንደሚታወቅ እንመለከታለን።

መድኃኒቱ ከየት ይመጣል?

የጉማራ ወንዝ ከጉና ተራራ ተነሥቶ፣ በደራና በፎገራ ምድር አልፎ ከጣና ይገባል። በአንበሳሜ ዙሪያ ካለው ደጋና ወይና ደጋ እስከ ፎገራ ሜዳ ድረስ ጤፍ፣ በቆሎ፣ ዳጉሳና ሩዝ ይዘራል። ቀድሞ አረሙ በወንፈልና በደቦ በእጅ ይነቀል ነበር። ዛሬ የሰው ጉልበት ስለሚያጥር ብዙው ገበሬ መርጫውን በጀርባው ተሸክሞ ቱ ፎር ዲ የሚባለውን መድኃኒት ይረጫል። በዚህ ገበሬውን መንቀፍ አይገባም፤ ስድስት ሰው በብዙ ቀን የሚያርመውን ማሳ አንድ ሰው በግማሽ ቀን ይጨርስለታልና።

አንድ አዛውንት ገበሬ፣ «ልጄ፣ ጤፉን ያልነካ መድኃኒት እኛን ምን ያደርገናል?» ብለው ጠይቀውኛል። ጥያቄው መልስ ይገባዋል። ቱ ፎር ዲ የተክልን የእድገት ቅመም አስመስሎ የተሠራ ነው። ቅጠለ ሰፊው አረም ከመጠን በላይ እንዲያድግ ያስገድደውና ተጣሞ ይሞታል። ጤፍ፣ ስንዴና ሩዝ ግን ከሣር ወገን ስለ ሆኑ መድኃኒቱን በውስጣቸው ፈጥነው ያፈርሱታል። ስለዚህ የጤፉ መትረፍ ስለ ጤፉ ይመሰክራል እንጂ ስለ ሰው አይመሰክርም። በእንስሳት ላይ በተደረገ ምርመራ ብዛቱ ኩላሊትን እንደሚጎዳ ታይቷል፤ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅትም በአውሮፓ አቈጣጠር በ2015 «ምናልባት ካንሰር ሊያመጡ ይችላሉ» ከሚባሉት ነገሮች መካከል መድቦታል።

ምን ያህሉ ይበዛል?

የዓለም የጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ የወሰነው የቱ ፎር ዲ መጠን በአንድ ሊትር 0.03 ሚሊግራም ነው። ይህ ልክ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ቢጠጣው አይጎዳውም ተብሎ የታሰበ ነው፤ ስለዚህ አንድ ቀን ማለፉ ወዲያው ሞት ነው ማለት አይደለም። ይሁን እንጂ ትንሽነቱን በሒሳብ እንየው። በአንድ ሊትር መድኃኒት ውስጥ 600 ግራም ያህል ንጹሕ ቱ ፎር ዲ አለ ብንል፣ በክዳን የምትለካ 10 ሚሊሊትር 6 ግራም ትይዛለች። ይህች ክዳን 200,000 ሊትር ውኃ፣ ማለት ባለ 20 ሊትር 10,000 ጀሪካን፣ እስከ ወሰኑ ድረስ ልትበክል ትችላለች። እንግዲህ መርጫውን በወንዝ ዳር የሚያጥብ ሰው ምን እንደሚያፈስ ከዚህ ይታወቃል።

ጣና ሰፊ ስለ ሆነ ይበርዘዋል የሚል አለ። ከመካከሉ ላይ እውነት ሊሆን ይችላል። እንስራና ጀሪካን ግን የሚሞላው ከዳር፣ ብዙ ጊዜም ወንዝ ከሚገባበት አቅራቢያ፣ ገና ሳይበረዝ ነው።

የተሳሳተ ናሙና

በባሕር ማዶ ተማሪ ሳለሁ፣ ከአንድ የመጠጥ ውኃ ሐይቅ ናሙና እንድናመጣ ታዘዝን። እኔም በረዶ በሚወርድበት በጥር ወር ጠርሙሴን ሞልቼ አስመረመርሁ፤ ምንም አልተገኘበትም። ደስ ብሎኝ «ውኃው ንጹሕ ነው» ብዬ ጻፍሁ። መምህሬ ወረቀቴን መልሰው፣ «ገበሬው የሚረጨው በየትኛው ወር ነው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

በአውሮፓ አቈጣጠር በ1989 በአሜሪካ የበቆሎ አገር ወንዞች የተደረገው ሰፊ ምርመራ ይህንኑ አስረድቷል። አትራዚን የተባለው ፀረ አረም ከተረጨ በኋላ በወረዱት የመጀመሪያ ከባድ ዝናቦች በወንዞቹ ውስጥ እጅግ ከፍ ብሎ፣ በመከር ጊዜ ዝቅ ብሎ ተገኘ። በእኛ አገርም በዝዋይ ሐይቅ፣ የባቱ ከተማ ሕዝብ የሚጠጣው ውኃ በሚቀዳበት፣ ተመራማሪዎች የእርሻ መድኃኒቶች ቅሪት አግኝተዋል። በደራና በፎገራ የመርጫው ጊዜ ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ ጎርፉም የሚበረታው በዚያው ጊዜ ነው። እኛ ግን መንገዱ ጭቃ ስለሚሆንብን ውኃ ልንመረምር የምንወጣው በበጋ ነው። በየካቲት የተቀዳ ንጹሕ ናሙና ስለ ነሐሴ ውኃ ምንም አይነግረንም።

ናሙና አወሳሰድ

1ኛ. ጊዜው፦ አንድ ጊዜ ከመርጫው በፊት በግንቦት፤ ከዚያ በሐምሌና በነሐሴ፣ መርጫ ተከትሎ ከባድ ዝናብ በዘነበ ቍጥር፤ በመጨረሻም በኅዳር።

2ኛ. ቦታው፦ ከእርሻው በላይ፣ ከእርሻው በታች፣ ወንዙ ከሐይቁ በሚገባበትና ሰዎች በሚቀዱበት። የላይኛውና የታችኛው ልዩነት መድኃኒቱ ከየት እንደ ገባ ያሳያል።

3ኛ. ዕቃው፦ ቡናማ የብርጭቆ ጠርሙስ ይሁን፤ በዚያው ውኃ አይለቅለቅ። ቀጂው መድኃኒት በነካ እጅ አይያዘው።

4ኛ. አቀዳዱ፦ ፊትን ወደ ወንዙ መምጫ አድርጎ፣ ከላዩ አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ ብሎ ይቀዳ።

5ኛ. መዝገቡ፦ ቦታው፣ ቀኑ፣ ሰዓቱና የመጨረሻው ዝናብ የዘነበበት ቀን ይጻፍ። ናሙናው በበረዶና በጨለማ ተይዞ ሳይዘገይ ወደ ላቦራቶሪ ይላክ።

ላቦራቶሪ የሚፈልገው የተጠየቀውን ብቻ ነው። ስለ ቱ ፎር ዲ ቢጠየቅ አትራዚንን አይነግራችሁም። ስለዚህ በሰፈሩ ምን ምን እንደሚረጭ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። ፀረ ተባይን ለመቈጣጠር የወጣው አዋጅ ቍጥር 674/2002 ያልተመዘገበ መድኃኒት እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ በገበያ ተቀድቶ ስም በሌለው ጠርሙስ የሚሸጠው ግን ለገዢም ለመርማሪም ጨለማ ነው። ደግሞም «አልተገኘም» የሚለው ውጤት መሣሪያው ሊያይ ከሚችለው በታች ነው ማለት እንጂ ፈጽሞ የለም ማለት አይደለም።

እስከዚያው ምን እናድርግ?

ማፍላት፣ በነጠላ ማጥለልና የውኃ መድኃኒት መጨመር ቱ ፎር ዲን አያስወግዱም። እንዲያውም ውኃው በእንፋሎት ሲቀንስ እርሱ በድስቱ ይቀራል። ሊይዘው የሚችለው ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀ የማጣሪያ ከሰል ነው፤ የምድጃ ከሰል አይተካውም። ይሁን እንጂ ይህን ሰምቶ ማፍላትን የሚተው ሰው ቢኖር ታላቅ ስሕተት ይሠራል፤ ሕፃናትን ፈጥኖ የሚገድለው ተቅማጡ ነውና። ማፍላቱ ይቀጥል፤ መድኃኒቱን ግን ከውኃው በፊት፣ ከማሳው ላይ እንከልክለው። ይኸውም፦

ደመና በከበደበት ቀን አለመርጨት፤ መርጫውን ከወንዝና ከምንጭ ርቆ ማጠብ፣ እጣቢውንም በዚያው ማሳ ላይ መርጨት፤ በወንዝ ዳር ያለውን ሣርና በሐይቁ ዳር ያለውን ደንገል አለመንቀል፤ የመድኃኒቱን ዕቃ ለውኃም ለዘይትም ለጠላም አለማዋል፤ በመርጫው ወራት የሚጠጣውን ከተከለለ ምንጭ ወይም ጕድጓድ መቅዳት ነው።

መምህራን ሆይ፣ ከእናንተ የሚፈለገው ላቦራቶሪ አይደለም፤ አንድ ደብተር ነው። ተማሪዎቻችሁ ክረምቱን ከወላጆቻቸው ጋር በማሳ ስለሚውሉ፣ አባቶቻቸው የረጩበትን ቀን፣ የመድኃኒቱን ስምና የዘነበበትን ቀን ይጻፉ። ያ ደብተር በእጁ ያለ መርማሪ ጠርሙሱን በትክክለኛው ቀን ይሞላል፤ የሌለው ግን እኔ በጥር እንዳደረግሁት ያደርጋል።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. ቱ ፎር ዲ አረሙን ሲገድል ጤፉን የማይገድለው ስለ ምን ነው?
2. ባለ 10 ሚሊሊትሯ ክዳን ስንት ጀሪካን ውኃ እስከ ወሰኑ ድረስ ትበክላለች? ሒሳቡን በሰሌዳ ላይ አሳዩ።
3. በየካቲት የተቀዳ ናሙና ብቻውን ስለ ምን አይበቃም?
4. ማፍላት ምንን ያጠፋል? ምንንስ አያጠፋም?