ከዳታቤዝ የመጣ ጽሑፍ መስመሩን ጠብቆ እንዲታይ

አንድ ሰው በድረ ገጽ ፎርም ላይ ግጥም ይጽፋል። በየስንኙ መጨረሻ ኢንተር እየተጫነ ይወርዳል፤ ሳጥኑ ውስጥ ሁሉም እንዳሰበው ተደርድሮ ይታየዋል። ልኮ ሲያበቃ ገጹን ቢከፍት ስንኞቹ ተያይዘው አንድ ረጅም መስመር ሆነው ያገኛቸዋል። የዕድር ማስታወቂያም፣ የምግብ አሠራርም፣ የቤት ሥራ መመሪያም ዕጣው ያው ነው። ድረ ገጽ መሥራት የሚማር ሰው ገና ከጅምሩ የሚገጥመው ጣጣ ስለሆነ ከሥሩ ጀምረን እናየዋለን።

ምልክቱ የት ደረሰ?

ብዙ ተማሪ መጀመሪያ የሚጠረጥረው ዳታቤዙን ነው። ለዚህ ትምህርት ብዬ የገጠምኳትን ሁለት ስንኝ ወስደን እንፈትሽ፦

ዝናብ መጣ ብዬ በሩን ብዘጋበት፣
በጣሪያው ቀዳዳ ሰተት አለ ከቤት።

በገጹ ላይ ስትወጣ እንዲህ ትሆናለች፦

ዝናብ መጣ ብዬ በሩን ብዘጋበት፣ በጣሪያው ቀዳዳ ሰተት አለ ከቤት።

አንድም ቃል አልተጓደለም፤ ቤት መምታቷ ግን ከዓይን ተሰውሯል። አሁን ገጹ ላይ የማውሱን ቀኝ ቁልፍ ተጭናችሁ የገጹን ምንጭ ኮድ ክፈቱ። ስንኞቹ እዚያ በሁለት መስመር ተቀምጠዋል። የአዲስ መስመር ምልክቱ ከዳታቤዝ ወጥቶ፣ በሰርቨር አልፎ፣ ብራውዘሩ ድረስ በሰላም ደርሷል ማለት ነው። የጠፋው በመጨረሻዋ እርምጃ፣ ብራውዘሩ ጽሑፉን ስክሪን ላይ ሲያሰፍር ነው።

ማይኤስኪውኤል የሚጠቀም ሰው ዳታቤዙን ራሱን መጠየቅም ይችላል። ሄክስ የሚባለው ፈንክሽን የተቀመጠውን ጽሑፍ ባይት በባይት አውጥቶ ያሳያል። ፊደሎቻችን በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዳቸው 3 ባይት ይይዛሉ፤ የአዲስ መስመር ምልክት ግን 1 ባይት ወይም 2 ባይት ብቻ ነው። ውጤቱን ሁለት ሁለት አኃዝ እያደረጋችሁ ስታነቡ 0ኤ፣ ወይም 0ዲ ቀድሞ 0ኤ ካገኛችሁ ምልክቱ በቦታው አለ። ከሌለ ችግሩ ከመታየቱ በፊት የተፈጠረ ነው፤ አንዱ የኮድ ክፍል ጽሑፉን ሲያጸዳ ምልክቱንም አብሮ ጠርጎታል። ይህን ሳታረጋግጡ ኮድ አትነካኩ፤ የሁለቱ ችግሮች መፍትሔ ፈጽሞ አይገናኝም።

ብራውዘሩ ለምን እንዲህ ያደርጋል?

የኤችቲኤምኤል ሕግ ግልጽ ነው፦ ስፔስ፣ ታብና የአዲስ መስመር ምልክት የቱንም ያህል ተከታትለው ቢመጡ ብራውዘሩ አንድ ስፔስ ብቻ አድርጎ ያሳያቸዋል። ኮድ የሚጽፍ ሰው ለራሱ ንባብ እንዲመቸው መስመር ይወርዳል፣ ወደ ውስጥ ያስገባል፤ ያ ሁሉ ለአንባቢው ቢታይ ገጹ የተዘበራረቀ ይሆን ነበር። መስመሩ የት እንደሚያልቅ የሚወስነው የስክሪኑ ስፋት ነው። የጽሑፉን ቅርጽ የሚወስኑት ደግሞ ታጎች ናቸው፤ አንቀጽ ከሆነ የአንቀጽ ታግ፣ መስመር መውረድ ካስፈለገ ቢአር የሚባለው ታግ።

ከዚህ ሕግ ውጭ ሆነው የተሠሩ ታጎች አሉ። ፕሪ የሚባለው ታግ የተሰጠውን እንዳለ ያሳያል። ሰዎች የሚጽፉበት ሳጥን፣ ቴክስትኤሪያ፣ እንደዚሁ ምልክቱን ያከብራል። ጸሐፊው የሚታለለውም እዚህ ላይ ነው፤ ሲጽፍ ያየው ሳጥንና ሲያነብ የሚያየው ገጽ በተለያየ ሕግ የሚተዳደሩ ናቸው።

13 እና 10

ዓይን የማያየው ይህ ምልክት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣው የአስኪ ኮድ ለዚህ ሥራ ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች መድቧል። 13 (በሄክስ 0ዲ) ካሬጅ ሪተርን ነው፤ ቴሌታይፕ የሚባለውን የመልእክት ማሽን ማተሚያ ክፍል ወደ መስመሩ መጀመሪያ የሚመልስ ትእዛዝ። 10 (በሄክስ 0ኤ) ላይን ፊድ ነው፤ ወረቀቱን አንድ መስመር ከፍ የሚያደርግ። በዚያ ዘመን ሁለቱ የተለያዩ እንቅስቃሴዎች ስለነበሩ ተከታትለው ይላኩ ነበር። ዩኒክስ 10ን ብቻ ወሰደ፤ ሊኑክስም ይከተለዋል። ዶስና ዊንዶውስ ሁለቱንም ይዘው ቀጠሉ። የድሮው ማክ 13ን ብቻ ይጠቀም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ከወጣው ማክ ኦኤስ ኤክስ ወዲህ ግን ወደ 10 ተሻግሯል።

ይህ ታሪክ ዛሬም ሥራችን ውስጥ አለ። አንድ ፎርም በተለመደው መንገድ ሲላክ፣ ጸሐፊው ስልክም ይጠቀም ኮምፒውተር፣ ብራውዘሩ እያንዳንዱን የመስመር መውረጃ 13 እና 10 አድርጎ ይልከዋል። ያው ጽሑፍ በጃቫስክሪፕት ተነብቦ ጄሰን በሚባለው የመረጃ ቅርጽ ሲላክ ግን 10 ብቻ ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ዳታቤዛችሁ ውስጥ ሁለቱም ዓይነት ተደባልቆ ብታገኙት አይግረማችሁ።

ጉዳቱ የሚታየው ቁጥር ላይ ነው። ከ500 ፊደል እንዳይበልጥ የተወሰነ ሳጥን እናስብ። ሰውየው በትክክል 500 ሞልቶ ጻፈ፤ ከዚያ ውስጥ 12ቱ የመስመር መውረጃዎች ናቸው። ብራውዘሩ እያንዳንዱን እንደ አንድ ቆጥሮ ይፈቅድለታል። ሰርቨሩ ዘንድ ሲደርስ 512 ሆኗል፤ «በዝቷል» ተብሎ ይመለስበታል። ምስኪኑ ጸሐፊ የቱን ፊደል እንደሚቀንስ ግራ ይገባዋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ጽሑፉ ሰርቨር እንደደረሰ፣ ከመቆጠሩም ሆነ ከመቀመጡ በፊት፣ 13 እና 10 የሆነውን ሁሉ ወደ 10 ቀይሩት፤ ብቻውን የቆመ 13 ካለም እንዲሁ። በጸሐፊው ጽሑፍ ላይ ሲገባ መደረግ አለበት የምለው ለውጥ ይህ ብቻ ነው።

የቢአር መንገድና ቅደም ተከተሉ

የቆየው መፍትሔ የአዲስ መስመር ምልክት ባለበት ሁሉ የቢአር ታግ ማስገባት ነው። ፒኤችፒ ለዚህ ኤንኤል2ቢአር የሚባል ፈንክሽን አለው። ጃንጎ ላይንብሬክስቢአር የሚል ፊልተር ሲኖረው፣ ሬይልስ ደግሞ ሲምፕል ፎርማት ይለዋል። ሥራቸው ተቀራራቢ ነው።

እዚህ ላይ ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ቅደም ተከተሉ ነው። ከሰው የመጣ ጽሑፍ በገጽ ላይ ከመውጣቱ በፊት በውስጡ ያሉት የታግ ቅንፎች ኃይላቸውን ማጣት አለባቸው። ተንኮለኛ ሰው በአስተያየት መስጫ ሳጥን ውስጥ የስክሪፕት ታግ ጽፎ ቢልክና እናንተ እንዳለ ብታወጡት፣ ገጹን የከፈተ ሰው ሁሉ ብራውዘር ያንን ኮድ ያስኬደዋል። የገቡበት አካውንት ሊሰረቅ፣ በስማቸው ሌላ ነገር ሊላክ ይችላል። ለዚህ ጥበቃ ፒኤችፒ ኤችቲኤምኤልስፔሻልቻርስ የሚባል ፈንክሽን አለው፤ ቅንፎቹን የሚታዩ እንጂ የሚሠሩ እንዳይሆኑ ያደርጋቸዋል።

መጀመሪያ ጥበቃው፣ ከዚያ ቢአር። ተገላብጦ ከተሠራ ጥበቃው እናንተ ያስገባችሁትንም ቢአር ኃይል ያሳጣዋል፤ አንባቢው በየስንኙ መጨረሻ ታጉን ራሱን፣ ከነቅንፉ ተጽፎ ያየዋል። ይህን ያየ ጀማሪ ብዙ ጊዜ ጥበቃውን አውጥቶ ይጥለዋል፤ ገጹም ወዲያው ያምራል፤ በሩ ግን ወለል ብሎ ተከፍቷል። እባካችሁ እንዲህ አታድርጉ። ታጉ እንደ ጽሑፍ ከታያችሁ የሁለቱን መሥመሮች ቦታ ብቻ አቀያይሩ።

በሪአክት የሚሠሩም ይህ ይገጥማቸዋል። ሪአክት ጥበቃውን በራሱ ስለሚያደርግ የቢአር ታግ በጽሑፉ ውስጥ ከትቶ መላክ አይሠራም። ለእነሱ የሚቀጥለው መንገድ ይቀላል።

የሲኤስኤስ መንገድ

እኔ ለተማሪዎቼ አስቀድሜ የምመክረው ይህን ነው። ጽሑፉን ምንም ሳንነካ፣ የሚታይበትን ሳጥን ብቻ «የአዲስ መስመር ምልክቶችን አክብር» እንለዋለን። ትእዛዙ ኋይት-ስፔስ የሚባለው የሲኤስኤስ ባሕርይ ነው፤ ሁሉም ዘመናዊ ብራውዘር ያውቀዋል። ጽሑፉ ስላልተነካ ጥበቃው በቦታው ይቀራል፣ የቅደም ተከተል ስህተትም አይመጣም።

ከሚቀበላቸው ዋጋዎች ሦስቱን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። ፕሪ መስመሩንም ስፔሱንም ይጠብቃል፤ ነገር ግን ረጅም መስመር ሲያጋጥመው አያጥፈውም፤ ስልክ ላይ ጽሑፉ ከስክሪኑ ወጥቶ ይሄዳል። ፕሪ-ራፕ ሁለቱንም ይጠብቃል፤ መስመሩ ከሳጥኑ ሲሰፋም ያጥፈዋል። ፕሪ-ላይን መስመር መውረዱን ይጠብቃል፣ ተከታታይ ስፔሶችን ግን እንደ ወትሮው ወደ አንድ ይሰበስባል። ለማስታወቂያ፣ ለአስተያየት፣ ለምግብ አሠራር ፕሪ-ላይን ይበቃል። በስፔስ ብዛት ቅርጽ ለሚሰጥ ጽሑፍ ፕሪ-ራፕ ይሻላል።

ከሁለት ነገር ተጠንቀቁ። አንደኛው፣ ኮዳችሁ ውስጥ የሳጥኑን ታግ ከፍታችሁ፣ መስመር ወርዳችሁ፣ ጽሑፉን ከዚያ ብታስገቡ ያ የእናንተ መስመር መውረድም ይከበራል፤ ገጹ ላይ ከጽሑፉ በላይ ያልታሰበ ባዶ መስመር ይመጣል። መክፈቻውን ታግ፣ ጽሑፉንና መዝጊያውን አጣብቃችሁ በአንድ መስመር ጻፉ። ሁለተኛው፣ ኤንኤል2ቢአር ቢአሩን ሲያስገባ የቀድሞውን ምልክት አያጠፋም። እሱንም ፕሪ-ላይንንም አንድ ላይ ከተጠቀማችሁ እያንዳንዱ መስመር ሁለት ጊዜ ይወርዳል። አንዱን ምረጡ።

ዳታቤዝ ውስጥ ቢአር አታስቀምጡ

ሥራ ለማቅለል ብለው ጽሑፉ ሲገባ ቢአር ጨምረው የሚያስቀምጡ አሉ። ገጹ ላይ ያምራል፤ ችግሩ የሚመጣው ቆይቶ ነው። ጸሐፊው ሊያርም ሲመለስ በሳጥኑ ውስጥ የራሱን ስንኝ ከማያውቃቸው ታጎች ጋር ተቀላቅሎ ያገኘዋል። አርሞ ሲልክ ደግሞ ሌላ ቢአር ይጨመራል፤ ባረመ ቁጥር ክፍተቱ ይሰፋል። ያው ጽሑፍ በኤስኤምኤስ ይላክ ወይም በስልክ መተግበሪያ ይታይ ሲባል ታጉ እንዳለ ተጽፎ ይወጣል። ፍለጋም ይበላሻል፤ በሁለት መስመር መካከል የገባው ታግ የጽሑፉ አካል ሆኖ ይቆጠራልና።

ሰው የጻፈው እንደጻፈው ይቀመጥ። ዳታቤዙ የጸሐፊው ነው፤ ገጹ የእኛ ነው። ለገጽ የሚያስፈልገውን ቅርጽ በሚታይበት ሰዓት መስጠት እንችላለን፤ ተቀላቅሎ የተቀመጠን ጽሑፍ ወደ ነበረበት መመለስ ግን፣ የትኛው ቢአር የሰውየው የትኛው የኮዱ እንደሆነ ስለማይለይ፣ አንዳንዴ ከናካቴው አይቻልም።

ምልክቱ እንደ ፊደል ተጽፎ ሲታይ

አንዳንዴ ገጹ ላይ መስመር ሳይወርድ በቦታው የኋላ ስላሽና ኤን የምትባለው የእንግሊዝኛ ፊደል ተከታትለው ይታያሉ። ይህ ፕሮግራመር በኮድ ውስጥ አዲስ መስመርን የሚጽፍበት መንገድ ነው፤ ሳይተረጎም ወደ ዳታቤዝ ገብቷል። በፒኤችፒ በድርብ ትእምርተ ጥቅስ የተጻፈ ወደ እውነተኛው ምልክት ይለወጣል፤ በነጠላ የተጻፈ ግን ሁለት ፊደል ሆኖ ይቀራል። ሌላው ምክንያት ጄሰን ሁለት ጊዜ ተጠቅልሎ አንድ ጊዜ ብቻ ሲፈታ ነው። ማሳያው ላይ ሌላ መተኪያ ከመጨመር ይልቅ ስህተቱ የገባበትን መሥመር ፈልጋችሁ እዚያው አርሙት።

አንቀጽና ግጥም

ረጅም ጽሑፍ ሲሆን መስመር ማውረድ ብቻ አይበቃም። ባዶ መስመር ያለበትን ቦታ እየከፈሉ እያንዳንዱን ክፍል በአንቀጽ ታግ ማቀፍ ይሻላል፤ የጃንጎ ላይንብሬክስ ይህን ያደርጋል። ማየት የተሳናቸው ሰዎች የሚጠቀሙበት ስክሪን ሪደር በአንቀጽ በአንቀጽ መዝለል የሚችለው እውነተኛ የአንቀጽ ታግ ሲኖር ነው። ፊደላችን ውስጥ ያለው የአንቀጽ መለያ ምልክት ፨ ለዓይን ብቻ የሚታይ ነው፤ ብራውዘሩ መስመር እንዲወርድ አያዝዘውም።

ለግጥም ከዚህም በላይ እጠይቃለሁ። በስልክ ጠባብ ስክሪን ላይ ረጅም ስንኝ ሁለት ቦታ ይታጠፋል፤ በፕሪ-ላይን ሲታይ የታጠፈው ቁራጭ ከቀጣዩ ስንኝ ጋር እኩል ስለሚጀምር አንባቢው የቱ የገጣሚው፣ የቱ የስክሪኑ መስመር እንደሆነ አይለይም። ስንኞቹን በየምልክቱ ከፍሎ እያንዳንዱን በራሱ ሳጥን ማስቀመጥ፣ ከዚያ ሲታጠፍ ተከታዩ ቁራጭ ትንሽ ወደ ውስጥ እንዲገባ በሲኤስኤስ ማዘዝ ይቻላል። ጥቂት መሥመር ኮድ ነው የሚጠይቀው፤ ቤት የሚመታው ቃል መጨረሻ ላይ ቆሞ ይታያል።

ከፒዲኤፍ ተገልብጦ የሚለጠፍ ጽሑፍ ተቃራኒውን ችግር ያመጣል። የፒዲኤፉ ገጽ ስፋት በየመስመሩ መጨረሻ ምልክት ጥሎበት ይመጣል፤ እኛ በታማኝነት ስንጠብቀው ስልክ ላይ አንድ ሙሉ መስመር፣ ቀጥሎ ሁለት ቃል፣ ደግሞ አንድ ሙሉ መስመር እየሆነ ይወጣል። ኮድ ይህን በግምት ቢያስተካክለው ግጥሙንም አብሮ ያበላሻል። ማስተካከሉ የአርታኢው ድርሻ ነው፤ ጽሑፉ ከመላኩ በፊት በስልክ ስፋት የሚያይበት ቅድመ እይታ ስጡት።

የመሞከሪያ ጽሑፍ

ሥራችሁን ከማስረከባችሁ በፊት በፎርሙ ላይ ይህን ጻፉ፦ ሁለት ተከታታይ መስመሮች፣ ከዚያ አንድ ባዶ መስመር፣ ከዚያ በቃላቱ መካከል አራት ስፔስ ያለበት መስመር፣ በመጨረሻም የደማቅ ጽሑፍ ታግ ከነቅንፉ። ላኩት፤ ገጹን በስልክም በኮምፒውተርም ክፈቱ። ሁለቱ መስመሮች ተለያይተው፣ ባዶው መስመር አንድ ብቻ ሆኖ፣ ታጉም ምንም ሳያደምቅ እንደተጻፈ መታየት አለበት። አራቱ ስፔሶች በፕሪ-ላይን አንድ ይሆናሉ፣ በፕሪ-ራፕ አራት ሆነው ይቀራሉ። ከዚያ ማረሚያውን ከፍታችሁ ምንም ሳትነኩ መልሳችሁ አስቀምጡት፤ ይህንኑ ደጋግሙት። ባስቀመጣችሁ ቁጥር ሄክስ ያው ውጤት የሚሰጣችሁ ከሆነ አስረክቡ።