የልጅሽን ጨርቅ የምትቀይሪበትን ጥግ ስታሰናጂ

ልጄ፣ ወርሽ እንደገባ ሰምቻለሁ። መርፌና ክርም ከእጅሽ እንደማይለይ እናትሽ ነግራኛለች፤ ደስ ብሎኛል። እናቱ በሰፋችው ጨርቅ ላይ የሚተኛ ልጅ የታደለ ነው። ግን ችኩል መሆንሽን አውቃለሁ፤ እኔም ብዙ አራስ አርሻለሁና ጥቂት ልበልሽ።

1. ከጌጡ በፊት ቦታውን ምረጪ። ከፍ ያለ ጠረጴዛ ለወገብሽ ይመቻል፣ ግን ልጅ ይወድቅበታል። ገና 4 ወር ሳይሞላው የሚገለበጥ አለ፤ መገለበጥ መቻሉን ደግሞ አስቀድሞ አይነግርሽም። ወለል ላይ ፍራሽ ብታነጥፊ ይሻላል። ጠረጴዛ ይሁን ካልሽ አንድ እጅሽ ሁልጊዜ ልጁ ላይ ይሁን፤ ጨርቁም ቅባቱም ሌላው እጅሽ በሚደርስበት ይቀመጥ። ስልኩ ቢጠራ ይጥራ፣ ወጡም ቢያር ይረር።

2. ጌጡን ከመስቀልሽ በፊት ልጁ በሚተኛበት ጋደም ብለሽ እዪ። ብዙ ሰው ጥጉን የሚያስጌጠው በር ላይ ቆሞ ለሚያይ፣ ገንፎ ሊበላ ለሚመጣ ጠያቂ ነው። አራስ ልጅ ደህና አድርጎ የሚያየው ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ያለውን ነው፤ ታቅፈሽ ስታጠቢው ፊትሽ ያለበት ርቀት ማለት ነው። ፈዛዛው ሮዝና ሰማያዊ ለዓይኑ ጉም ነው። ጥቁርና ነጭ ግን ይይዘዋል። ከአሮጌ ጥቁር ቀሚስ ሰፋ ሰፋ ያለ ቁራጭ ቆርጠሽ ነጭ ጨርቅ ላይ ስፊ፤ ዓይንና አፍ ያለው ክብ ፊት ብታደርጊው ደግሞ ይበልጥ ይወደዋል። አንገቱን ዘወር ሲያደርግ በሚያገኘው በኩል፣ ቀረብ አድርገሽ አኑሪው። ዳይፐር ሲቀየርለት የሚያለቅሰው ልጅ ፈዞ ሲመለከተው ታያለሽ።

3. አሮጌ ነጠላሽን አትጣዪ። በመታጠብ ብዛት የለሰለሰ ሸማ ለልጁ ገላ ከማንኛውም አዲስ ጨርቅ ይሻላል። የፍራሹን ልብስ ከእሱ ስፊ፤ ቢያንስ 3 ይሁን፤ አንዱ ሲነጠፍ አንዱ ይታጠባል፣ አንዱ ይደርቃል። ከሥሩ ላስቲክ አድርጊ፣ ላስቲኩ ግን ገላውን አይንካው። የጥለቱ ክር ሻካራ ከሆነ በእግሩ በኩል ይዋል።

4. የተንጠለጠለ ክር አትተዪ። ይህን ቀላል ነገር አድርገሽ አትዪው። ቀጭን ክር ወይም የራስሽ ፀጉር በልጅ ጣት ላይ ተጠምጥሞ ደም ሊያግድ ይችላል፤ ጣቱ ያብጣል፣ ክሩም ሥጋ ውስጥ ይሰወራል። ልጅ ጠብቶ፣ ጨርቁ ተቀይሮለት አሁንም ካለቀሰ ካልሲውን አውልቀሽ ጣቶቹን አንድ በአንድ እዪ። ስለዚህ ዳንቴልሽ ቀዳዳ የበዛበት ከሆነ መጋረጃው ላይ ይሰፋ እንጂ ከሥሩ አይነጠፍ። ቁልፍና ዶቃም አታድርጊ፤ የሚነቀል ሁሉ መጨረሻው አፍ ነው።

5. ዳይፐሩን በስፌት ሙዳይ ማስቀመጥሽ መልካም ነው። ብቻ አለላ ሲረጥብ ቀለም ይለቃልና ውስጡን በነጭ ጨርቅ ሸፍኚው።

6. ከልጁ ራስ በላይ መስታወት ያለው ፎቶ፣ ከባድ ነገር፣ ረጅም ገመድ አይሰቀል። ቀለም እቀባለሁ ካልሽ ደግሞ ከድሮ የተረፈውን ጣሳ አትክፈቺ፣ አሮጌ ግድግዳም ራስሽ አትፋቂ። እርሳስ ያለበት ቀለም የልጅን አእምሮ ይጎዳል። ሀገራችን በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ በሕግ ከልክላለች፤ አሮጌው ጣሳ ግን ከዚያ በፊት የተሠራ ሊሆን ይችላል።

7. ለዓይን ብለው ዶቃ በመርፌ ቁልፍ ልብሱ ላይ የሚያስሩልሽ ይመጣሉ። በፍቅር ነውና አትቆጫቸው፤ ተቀብለሽ አመስግኚ፣ ከዚያ ልጁ ከማይደርስበት ግድግዳ ላይ ስቀዪው።

8. ክፍሉን ለማሞቅ ብለሽ ከሰል አታስገቢ። ጭስ ባይኖረውም በተዘጋ ቤት ይገድላል። የሚታጠብበትን ውኃ አሙቂ፣ ጨርቁን ስትቀይሪለት ብቻ መስኮቱን ዝጊ፣ ጋቢ ደርቢለት።

9. ሳትጨርሺ ምጥ ከመጣብሽ የቀረው ይቅር። ንጹሕ ጨርቅና ለብ ያለ ውኃ ካለሽ ልጁ ምንም አልጎደለበትም። አራስ ሆነሽ ሌሊት ጥልፍ አትጥለፊ፤ እሱ ሲተኛ ተኚ። የጀመርሽውን ለእህትሽ ስጫትና ትጨርስልሽ።