የምን ግማሽ? በፍቺ ጊዜ ሂሳብ አጣሪ ደረጃ በደረጃ

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በአንቀጽ 90 የጋራ ንብረት ለባልና ሚስት እኩል እንዲካፈል ያዛል። ብዙ ሰው ይህን ሰምቶ ልቡ ተረጋግቶ ችሎት ይገባል። እዚያ ሲደርስ የሚገጥመው ጥያቄ ሌላ ነው፦ የምን ግማሽ? እንደ አጠና ተራ ባለ ገበያ የሚነግድ ቤተሰብ ሀብቱ በአንድ የባንክ ደብተር ተጽፎ አይገኝም። ከፊሉ መጋዘን ውስጥ ነው፣ ከፊሉ በዱቤ ደንበኛ እጅ ነው፣ እቁብ አለ፣ በወንድም ስም የተገዛ መኪና አለ። በዚህ መሀል ዓመታት ሙሉ ሱቁ ውስጥ ቆማ የሸጠች፣ ስሟ ግን በንግድ ፈቃዱ ላይ የሌለ ሚስት ባዶ እጇን ስትወጣ ማየት ያማል። ሂሳብ አጣሪ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ደረጃ 1፦ ወረቀቱን አስቀድመው ይያዙ

ጠቡ ከጋመ በኋላ ሰነድ ይጠፋል። በቤት ውስጥ በእጅዎ ያሉትን የግብር ደረሰኞች፣ የንግድ ፈቃድ፣ የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያውን ዜድ ሪፖርት፣ የአከፋፋይ ደረሰኞች፣ ካርታ፣ ሊብሬ፣ የኮንዶሚኒየም ቁጠባ ደብተርና የአክሲዮን ሰርተፍኬት ኮፒ አድርገው ከቤት ውጭ ያስቀምጡ። የዱቤ ደብተሩን አይርሱ፤ ገጽ በገጽ ፎቶ ያንሱት። የትዳር ጓደኛዎን ስልክ ወይም የቴሌብር ሂሳብ ግን ያለ ፈቃድ አይክፈቱ። በ2008 ዓ.ም. በወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ያስጠይቃል፤ ያንኑ መረጃ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ማስቀረብ ይቻላል።

ደረጃ 2፦ የግልና የጋራውን ይለዩ

ከጋብቻ በፊት የነበረ፣ በውርስ ወይም በስጦታ የተገኘ ንብረት የግል ነው። በትዳር ዘመን የተገኘ ገቢ ግን የጋራ ነው፤ ከግል ቤት የሚሰበሰብ ኪራይ ሳይቀር። በአንዳችሁ ስም ብቻ የተመዘገበ ንብረትም በቤተሰብ ሕጉ አንቀጽ 63 መሠረት የጋራ እንደሆነ ይገመታል፤ የግሌ ነው የሚለው ወገን ነው ማስረዳት ያለበት። የንብረት ዝርዝርዎን ይህን መለያ ይዘው ያዘጋጁ።

ደረጃ 3፦ እግድ ይጠይቁ

ጉዳዩ በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ሲከፈት፣ ንብረቱ እንዴት እንደሚተዳደር በቤተሰብ ሕጉ አንቀጽ 82 መሠረት ትእዛዝ እንዲሰጥ ያመልክቱ። የሚሸጥ ወይም የሚሸሽ ነገር ካለ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 154 የእግድ አቤቱታ ይጨምሩ። ሂሳብ እስኪጣራ መጋዘኑ ባዶ ከሆነ ማጣራቱ ትርጉም የለውም።

ደረጃ 4፦ ባለሙያ ይምረጡ

ከኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ፈቃድ ያለው መሆኑን ያረጋግጡ። ከዚያ ደግሞ ደረሰኝ የማይቆረጥበትን ንግድ መርምሮ ያውቅ እንደሆነ ይጠይቁት። የትልቅ ድርጅት መዝገብ ብቻ የለመደ ባለሙያ በቁርጥ ግብር የሚከፍል ሱቅ ሲገጥመው “መዝገብ ስለሌለ መመርመር አልተቻለም” ብሎ ሊመልስ ይችላል። በግል የቀጠሩት ሰው ሪፖርት የእርስዎ ማስረጃ ነው፤ ተቃራኒው ወገን እንደ ወገንተኛ ያየዋል። ፍርድ ቤቱ የሚሾመው አጣሪ የበለጠ ይታመናል፣ ሰነድ የማግኘት ዕድሉም የሰፋ ነው። አቅም ካለ የግል ባለሙያው ጥያቄዎቹን እንዲያዘጋጅ፣ የፍርድ ቤቱ አጣሪ ደግሞ እንዲመልሳቸው ማድረግ ይመረጣል።

ደረጃ 5፦ ትእዛዙ ላይ የሚጻፈውን ጥያቄ ያጥብቁ

በእኔ እምነት ጉዳዩ የሚበላሸውም የሚቀናውም እዚህ ላይ ነው። “ሂሳቡ ይጣራልን” የሚል አቤቱታ እንደዚያው የላላ ሪፖርት ያመጣል። የትኛው ሱቅ፣ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን፣ የትኞቹ ባንኮች ለየትኛው ዘመን መግለጫ እንዲልኩ፣ በማን ስም የወጣ ውክልናና የሽያጭ ውል ከሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ መሥሪያ ቤት እንዲቀርብ በዝርዝር ይጻፉ። ባንክም ሆነ ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት የሰውን መረጃ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ለእርስዎ አይሰጡም፤ ትእዛዙ ላይ ያልተጠቀሰ ባንክ ደግሞ አይመልስም።

ደረጃ 6፦ ስሌቱን ይከታተሉ

ደረሰኝ ባይኖርም ዕቃ ዱካ አለው። እንበል፣ የሲሚንቶና የቆርቆሮ ሱቅ ዓመቱን በ800,000 ብር ዕቃ ጀመረ፣ እንደ አከፋፋዮቹ ደረሰኝ የ3,600,000 ብር ገዛ፣ መጨረሻ ላይ ሲቆጠር የቀረው 600,000 ነው። በግዢ ዋጋው ሲሰላ የወጣው ዕቃ 3,800,000 ብር ነው። በአካባቢው የተለመደው ትርፍ 15 በመቶ ከሆነ ሽያጩ 4,370,000 መሆን ነበረበት። የታወጀው 3,100,000 ብቻ ከሆነ የ1,270,000 ብር ልዩነት መልስ ይፈልጋል። ዕቃው ተበላሽቶ ወይም በዱቤ ወጥቶ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ልዩነቱ ብቻውን ስርቆትን አያረጋግጥም፣ አጣሪው ከባንክ ገቢና ከዱቤ ደብተር ጋር ማስተያየት አለበት።

እቁቡን በስሙ ያስጠይቁ። የእቁቡ ዳኛና ጸሐፊ በምስክርነት ሊጠሩ፣ መዝገቡም ሊቀርብ ይችላል። ዕጣው ካልደረሰ እስካሁን የተጣለው ገንዘብ ሀብት ነው፤ ደርሶ ከተበላ ደግሞ የሚቀረው ክፍያ ዕዳ ነው።

ፍቺ ሲቀርብ ድንገት ብቅ የሚሉ አበዳሪዎችን በተለይ ያስመርምሩ። ገንዘቡ መቼ፣ በምን መንገድ ገባ? የት ዋለ? የቤተሰብ ሕጉ አንቀጽ 68 ከ500 ብር በላይ ለመበደር የሁለቱንም ስምምነት ይጠይቃል፤ የጋራ ቤት ለመሸጥም እንዲሁ። ያለ ፈቃድዎ የተደረገውን ለማፍረስ ግን ባወቁ በ6 ወር፣ ቢበዛም ውሉ በተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ ማመልከት አለብዎት። አጣሪው ሥራውን እስኪጨርስ ቢጠብቁ ጊዜው ሊያልፍ ስለሚችል የጠረጠሩት ውል ካለ ወዲያው ለጠበቃዎ ይንገሩ።

አንድ ነገር አስቀድመው ያስቡበት። ያልታወጀ ገቢ ሲወጣ ግብሩም አብሮ ይመጣል፤ የቤተሰቡ ዕዳ ነው ከተባለ ለሁለታችሁም ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ከማስጣራትዎ በፊት ይህን ከባለሙያው ጋር ይነጋገሩ።

ደረጃ 7፦ ሪፖርቱን ያንብቡና ይከራከሩ

ሪፖርቱ ሲደርስዎ ድምሩን ብቻ አይዩ። የትኛው ሰነድ ታየ፣ የትኛው አልቀረበም፣ ቆጠራው በማን ፊት ተደረገ፣ ትርፉ በምን መነሻ ተገመተ? ቅር ያለዎትን በጽሑፍ አስተያየት ያቅርቡ፤ አጣሪው ችሎት ቀርቦ እንዲያስረዳም ይጠይቁ። ሪፖርቱ ግልጽ ከሆነ ሽማግሌ ፊት ተቀምጦ በስምምነት መጨረስ ይቀላል፤ ስምምነቱን ለፍርድ ቤቱ አቅርበው ያስጸድቁ። ካልተስማሙና ውሳኔው ካላረካዎት ይግባኝ በ60 ቀን ውስጥ ነው፤ የሪፖርቱን ቅጂ ከነአባሪው ያን ጊዜ ስለሚፈልጉት ከመዝገብ ቤት አስቀድመው ያውጡ።