የአቡሻኽርን ተጽዕኖ በምን እንለካው?

ባሕረ ሐሳብ የሚያወጣ ሊቅ ሲመሰገን «አቡሻኽር ያውቃል» ይባላል። ለመሆኑ አቡሻኽር የትምህርት ስም ብቻ ሳይሆን የሰው ስም መሆኑን ስንቶቻችን እናስታውሳለን? የዛሬው ትምህርታችን መነሻ ይኸው ነው። አንድ የጥንት የሥነ ፈለክና የዘመን ቆጠራ ሊቅ በኋላ ዘመን ሰዎች ላይ ያሳደረው ተጽዕኖ በቁጥር ይለካል ወይስ አይለካም?

በመጀመሪያ ስለ ሰውዬው። አቡሻኽር ኢብን አር-ራሂብ በ13ኛው መቶ ዓመት በካይሮ ይኖር የነበረ ግብጻዊ ዲያቆን ነው። ስለ ዘመን አቆጣጠር፣ ስለ ፀሐይና ጨረቃ ዑደት የሚያስተምረውን መጽሐፉን እ.ኤ.አ. በ1257 በዓረብኛ ጻፈ። መጽሐፉን በ16ኛው መቶ ዓመት ወደ ግእዝ የመለሱት የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ ዕንባቆም ናቸው። ከዚያ ወዲህ የደራሲው ስም የመጽሐፉ ስም፣ የመጽሐፉ ስም ደግሞ የትምህርቱ ስም ሆኖ ቀረ።

አሁን ወደ መለኪያው እንምጣ። በዘመናችን የአንድ ምሁር ተጽዕኖ በብዛት የሚለካው ሌሎች ጸሐፊዎች ሥራውን ስንት ጊዜ በዋቢነት እንደጠቀሱት በመቁጠር ነው። ሐሳቡን አሜሪካዊው ዩጂን ጋርፊልድ እ.ኤ.አ. በ1955 አቀረበ፤ በ1960ዎቹም የሳይንስ ጥቅሶችን ማውጫ ማሳተም ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ ሆርሄ ሂርሽ የተባለ የፊዚክስ ሊቅ ሌላ መለኪያ ጨመረ። ይኸውም አንድ ሰው እያንዳንዳቸው ቢያንስ 10 ጊዜ የተጠቀሱ 10 ጽሑፎች ካሉት መለኪያው 10 ነው ማለት ነው። መንገዱ ቀላል ነው፤ ማንም ቆጥሮ ሊያረጋግጠው ይችላል። ጥቅሙም እዚህ ላይ ነው።

እስቲ በዚህ ሚዛን አቡሻኽርን እንመዝነው። ሦስት ችግር ይገጥመናል።

አንደኛ፣ ስሙ። በእኛ ፊደል እንኳ አቡሻኽር፣ አቡሻክር፣ አቡሻህር እየተባለ ይጻፋል። በውጭ አገር ጽሑፎች አንዱ አቡሻኽር ሲለው ሌላው ኢብን አር-ራሂብ ይለዋል። ፊደል ብቻ የሚያይ ቆጣሪ አንዱን ሰው ሦስትና አራት ያደርገዋል።

ሁለተኛ፣ የሰው ሥራ። እ.ኤ.አ. በ1651 በፓሪስ በላቲን የታተመ አንድ የምሥራቅ ታሪክ መጽሐፍ ለረጅም ጊዜ የእርሱ ነው ሲባል ኖሯል። አዴል ሲዳሩስ የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተሙት ጥናት መጽሐፉ የእርሱ አለመሆኑን አሳዩ። ታዲያ በዚያ ሁሉ ዘመን በስሙ የተቆጠረው ጥቅስ የማን ነው? ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ትርጉሙ ስሕተት ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ሦስተኛውና ትልቁ፣ ሳይጠቀስ መሠራቱ። ምሳሌ እንውሰድ። የ2017 ዓ.ም. አጽዋማትን ለማውጣት 5500ን ከ2017 ጋር ደምረን 7517 እናገኛለን። ይህን ለ19 ስናካፍል 12 ይተርፋል። አንድ ስንቀንስ ወንበሩ 11 ይሆናል። 11 በ11 ሲባዛ 121 ነው፤ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 1 ይሆናል። 11 በ19 ሲባዛ ደግሞ 209 ነው፤ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 29 ይሆናል። ከዚህ ተነሥተን የነነዌ ጾም የካቲት 3፣ ትንሣኤ ሚያዝያ 12 መዋሉን እንደርስበታለን። ይህን ስናሰላ የማንንም ስም አልጠራንም። በየዓመቱ ቀመሩ ይሠራበታል፤ በጥቅስ ማውጫ ውስጥ ግን አንድም አይመዘገብም። ዕውቀቱ የሁሉም ሲሆን የባለቤቱ ስም የሚሟሟበትን ይህን ነገር አሜሪካዊው የኅብረተሰብ ሊቅ ሮበርት መርተን በሰፊው አስረድቷል።

ነገሩ ግን በዚህ አያበቃም። የአቡሻኽር ስም ጎልቶ ሲወጣ ከእርሱ የቀደሙት ይሸፈናሉ። ቤተ ክርስቲያን ባሕረ ሐሳብን የምትሰጠው ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ለድሜጥሮስ ነው። የ19 ዓመቱ ዑደት ደግሞ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ432 በአቴና በሜቶን ስም ታውቋል። ስለዚህ ስም ብቻ ብንቆጥር ለአስተላላፊው አብዝተን ለመሥራቾቹ እናሳንሳለን።

እንግዲህ ምን ይሻላል? መለኪያውን መጣል ሳይሆን ሌላ መጨመር ነው። የብራና ቅጂዎችን መቁጠር አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በአገራችን በሺህ የሚቆጠሩ ብራናዎች በማይክሮፊልም መነሣታቸው ለዚህ በር ከፍቷል። የተቃጠለውና የጠፋው ግን አይቆጠርምና እዚህም ጥንቃቄ ያሻል። ሁለተኛው የማስተማር ሐረግ ነው። በጉባኤ ቤት ተማሪው «ከመምሪ እገሌ ተማርኩ» ይላል፤ መምሪም የመምህራቸውን ስም ያነሣሉ። በወሎ የደረሳ ቤቶችም ተማሪው ኪታቡን ከየትኛው ሸኽ እንደቀራ ይናገራል። ይህ በቃል የተያዘ ዋቢ ነው። በወረቀት ካልሰፈረ ግን አዛውንቱ ሲያልፉ አብሮ ያልፋል።

ነገሩ ለእኛ ለመምህርነት ሠልጣኞች ቅርብ ነው። ነገ ኩታበር ገጠር ገብቶ ማካፈል የሚያስተምር መምህር ስሙ በማንም መጽሐፍ ግርጌ አይጻፍም። ያስተማረው ልጅ ግን ዕድሜውን ሙሉ ያካፍልበታል። ያልተቆጠረ ሁሉ የለም ብሎ መደምደም ስሕተት ነው፤ ያልተቆጠረውን ለመቁጠር አለመድከምም ስንፍና ነው።

ለልምምድ ያህል፦
1. ከቤተ መጻሕፍት አንድ የታሪክ መጽሐፍ ወስደህ ዋቢዎቹን ቁጠር። ስንቱ የአገር ውስጥ ጸሐፊ ነው?
2. ለዕረፍት አገርህ ስትገባ አንድ መሪጌታ ወይም አንድ ሸኽ ጠይቀህ የመምህራኖቻቸውን ሐረግ እስከሚያስታውሱት ድረስ ጻፍ። ስም፣ ቦታና ዘመን አይቅር።
3. ከላይ ያየነውን ስሌት በመከተል የ2018ን አበቅቴና መጥቅዕ አውጣ። ሁለቱ ሲደመሩ ስንት ይመጣሉ?